ኦቨርድራይቭና ሎክ አፕ፦ የማኅበር መኪና በሜዳ፣ በዳገትና በቁልቁለት

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት፣ ለአመራሮችና ለአሽከርካሪዎች የቀረበ ንግግር)






የምሥረታ በዓል ሲከበር በአብዛኛው የሚነሳው የተሰበሰበው እህል፣ የተሰራጨው ማዳበሪያና የተከፋፈለው ትርፍ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ማዳበሪያውም ሆነ ምርጥ ዘሩ ከመጋዘን ወደ አባሉ ቀበሌ የሚደርሰው በመኪና ነው። ለናፍጣና ለጥገና የሚወጣው ብር ደግሞ ትርፍ ከመከፋፈሉ በፊት የሚቀነስ ወጪ ነው። ስለዚህ የዛሬው ርዕስ የመካኒክ ጉዳይ ብቻ መስሎ ቢታይም የእያንዳንዱን አባል ኪስ፣ ከዚያም በላይ በመኪናው የተሳፈረውን ሰው ሕይወት የሚነካ ነው። ርዕሱ በናፍጣ ፒክ አፕ መኪና ላይ የኦቨርድራይቭና የሎክ አፕ አጠቃቀም ነው።

1. ኦቨርድራይቭ ምንድን ነው?

በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ብዙ እየዞረ ጎማውን በጥቂቱ ያዞራል፤ ጉልበት ይገኛል፣ ፍጥነት ይቀንሳል። በአብዛኛው በአራተኛ ማርሽ ላይ በሚገኘው ቀጥታ ማርሽ ደግሞ ሞተሩ አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮ የሚወጣው ዘንግም አንድ ጊዜ ይዞራል። ኦቨርድራይቭ ከዚህ በላይ ያለው ነው። በብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮዎች ሞተሩ 7 ጊዜ ሲዞር የሚወጣው ዘንግ 10 ጊዜ ያህል ይዞራል። በዚህ ምክንያት መኪናው በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየሄደ ሞተሩ ይረጋጋል፣ ናፍጣ ይቆጠባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። የሚከፈለው ዋጋ ግን አለ፤ ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በዚያው መጠን ያንሳል።

ባለ አምስት ማርሽ በሆኑ ፍሪሲዮን ባላቸው ፒክ አፖች አምስተኛው ማርሽ ኦቨርድራይቭ ነው። ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲኮች ላይ አራተኛው ሲሆን፣ በማርሽ መቀየሪያው ጎን በሚገኝ ቁልፍ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። በዳሽቦርዱ ላይ “ኦ/ዲ ኦፍ” የሚለው መብራት ሲበራ ኦቨርድራይቩ ሥራ ጀመረ ማለት ሳይሆን ተዘጋ ማለት ነው። ይህን በተቃራኒው የተረዳ አሽከርካሪ ሜዳውን ዘግቶ፣ ዳገቱን ከፍቶ ይነዳል። አዳዲሶቹ አውቶማቲኮች ይህ ቁልፍ የላቸውም፤ በምትኩ ማርሹን ወደ “ኤስ” ወይም ወደ “ኤም” በመውሰድ በመደመርና በመቀነስ ምልክት የላይኛውን ማርሽ መከልከል ይቻላል።

2. ኮንቨርተሩና ሎክ አፑ

አውቶማቲክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። በእሱ ፋንታ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ይባላል። መሠረቱን የጣለው ሄርማን ፎቲንገር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ለመርከብ ሥራ ነበር። አሠራሩ የወንዝ ውኃ የወፍጮን መዘውር እንደሚያዞረው ነው። በሞተሩ በኩል ያለው መዘውር ዘይት ይረጫል፣ በካምቢዮው በኩል ያለው መዘውር በዚያ ዘይት ግፊት ይዞራል፣ በመካከል ያለው ሦስተኛው ደግሞ የዘይቱን አቅጣጫ መልሶ ጉልበት ይጨምራል። መኪናው ከቆመበት ሲነሳ የሞተሩ ጉልበት እስከ እጥፍ ሊደርስ የሚችለው በዚህ ነው።

ነገር ግን ዘይት ዘይትን ሲገፋ ሁልጊዜ ጥቂት መንሸራተት አለ። የተንሸራተተው ጉልበት አይጠፋም፤ ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። ይህን ለማስቀረት የተሠራው ሎክ አፕ ነው። በኮንቨርተሩ ውስጥ ያለ ሸራ ሁለቱን መዘውሮች አጣብቆ እንደ አንድ ብረት ያዞራቸዋል። ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 በቤት መኪና ላይ አውሎታል፤ ክራይስለር ደግሞ ነዳጅ ከተወደደ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1978 በሰፊው መልሶ አምጥቶታል።

አሽከርካሪው ሎክ አፑ መያዙን በቀላሉ ሊያውቅ ይችላል። በሜዳ ላይ በተረጋጋ ፍጥነት ሲሄድ ነዳጅ መስጫውን በጥቂቱ ይጫን። የሞተሩ ዙር ቆጣሪና ፍጥነቱ አብረው ከጨመሩ ይዟል። ዙሩ ቀድሞ ዘሎ ፍጥነቱ ኋላ ከቀረ አልያዘም። ሎክ አፕ ዘይቱ ሳይሞቅና መኪናው ፍጥነት ሳያገኝ አይዝም፤ ፍሬን ሲነካ ወይም ነዳጅ በኃይል ሲሰጥ ደግሞ ይለቃል።

3. በሜዳ

መንገዱ ሜዳ፣ ጭነቱ ቀላል ሲሆን ኦቨርድራይቭ ክፍት ይሁን። ሎክ አፑ ይይዛል፣ ዘይቱ ይቀዘቅዛል፣ ናፍጣ ይቆጠባል። በሜዳ ላይ ያለ ምክንያት ዘግቶ መንዳት ሞተሩን በከንቱ ማስጮህ ነው።

4. በዳገት

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው” ይባላል። ኦቨርድራይቭ ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን እንደተሸከመ ሰው ነው። ማዳበሪያ የጫነ ፒክ አፕ ዳገት ላይ በኦቨርድራይቭ ሲሄድ ጉልበቱ አይበቃውም። አውቶማቲኩ ወደ ታችኛው ማርሽ ይወርዳል፣ ጥቂት ሲቀለው ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። በእያንዳንዱ መመላለስ ሎክ አፑ ይለቃል፣ ይይዛል፣ ዘይቱም ይግላል። ዘይቱ ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ በየ11 ዲግሪው ሲግል ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል የሚለው በሙያው የታወቀ ግምት ነው። ጥሩ ዘይት ቀይና ንጹሕ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካመጣ ካምቢዮው ጋራዥ ለመግባት ተቃርቧል ማለት ነው።

ስለዚህ ዳገቱ ሳይጀምር ኦቨርድራይቩ ይዘጋ። መኪናው በአንድ ማርሽ ይጸናል፣ በብዙ ሞዴሎች ላይም ሎክ አፑ በዚያው ማርሽ ይይዛል። ፍሪሲዮን ባለው መኪና ደግሞ ከአምስተኛ ወደ አራተኛ ወይም ወደ ሦስተኛ መውረድ ማለት ነው። ሞተሩ እየተንቀጠቀጠና ጥቁር ጭስ እየለቀቀ በአምስተኛ ማርሽ የሚጎተት መኪና ናፍጣ እየቆጠበ አይደለም። ለምሳሌ የቶዮታ ሃይሉክስ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተር ከአውቶማቲክ ካምቢዮ ጋር ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በደቂቃ ከ1,600 ዙር ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች አውርዶ ዳገት ማስወጣት ሞተሩን ማሰቃየት ነው። በተጨማሪም በደጋ አገር በ2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱ ይበልጥ ይቀንሳል።

5. በቁልቁለት

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ክፍል ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚያልፈው የዓባይ በረሃ መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወረዳል። ከነጭነቱ 30 ኩንታል የሚመዝን ፒክ አፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ መወገድ ያለበት ሙቀት ከ80 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ፣ ማለትም አራት ሙሉ ጀሪካን፣ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ በፍሬን ሸራ ላይ ከወደቀ ሸራው ይቃጠላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። አዲስ ዶት 3 የፍሬን ዘይት ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ እርጥበት የሳበ አሮጌ ዘይት ግን በ140 ዲግሪ ሊፈላ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉ ባዶ ይወርዳል።

መድኃኒቱ ሞተሩ መኪናውን እንዲይዝ ማድረግ ነው። የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው እንደ ቤንዚን ሞተር አየሩን የሚያንቅ ክዳን ስለሌለው በከፍተኛ ማርሽ የመያዝ አቅሙ ደካማ ነው። በኦቨርድራይቭ ላይ ደግሞ ከነጭራሹ ይላላል፤ ሎክ አፑም ከለቀቀ ግንኙነቱ በዘይት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ኦቨርድራይቭ ይዘጋ፤ ያም ካልበቃ ዳገቱን ለመውጣት ወደሚያስፈልገው ማርሽ ወይም ከዚያ በታች ይወረድ። ፍሬን የሚያዘው ለአጭር ጊዜ ነው፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይለቀቅና እንዲቀዘቅዝ ይደረጋል።

ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሽ አውጥቶ በፍሪ መውረድ ግን ፈጽሞ መቆም አለበት። ቁጠባውም ሐሰት ነው። በኤሌክትሮኒክስ የሚሠሩ የናፍጣ ሞተሮች በማርሽ ሲወርዱና እግር ከነዳጅ ሲነሳ ናፍጣ መርጨት ያቆማሉ። በፍሪ ሲወርዱ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይረጫሉ። በፍሪ የሚወርድ አሽከርካሪ ናፍጣ እያቃጠለ ፍሬኑን ይጨርሳል ማለት ነው። “የቸኮለ አፍሶ ለቀመ” የተባለው እህል ላይ ሲደርስ ይለቀማል፤ በበረሃ ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ግን የሚለቀም አይቀርም።

6. ከአመራሩ የሚጠበቅ

ጥፋቱን ሁሉ በአሽከርካሪ ላይ መጣል ፍትሕ አይሆንም። አሽከርካሪው በሊትር ብቻ ከተመዘነ፣ በዳገት አራተኛ ማርሽ የያዘው አባካኝ፣ በቁልቁለት በፍሪ የወረደው ቆጣቢ ተብሎ ይመዘገባል። ስለሆነም፦

ሀ. የናፍጣ ፍጆታ ሲገመገም የመንገዱ ዓይነትና የጭነቱ ክብደት አብሮ በጉዞ መዝገብ ላይ ይጻፍ።
ለ. የካምቢዮና የፍሬን ዘይት የሚለወጥበት ጊዜ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ተመዝግቦ የቁጥጥር ኮሚቴው ይየው።
ሐ. ከተፈቀደው ክብደት በላይ ማስጫን በማንም ትእዛዝ አይፈጸም።
መ. አዲስ መኪና ሲገዛ አሽከርካሪው የመኪናውን መመሪያ የሚማርበት ቀን ይመደብ።

ክቡራትና ክቡራን፣ ይህ አዲስ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ቁልፉ በአሽከርካሪው እጅ፣ መዝገቡ በጽሕፈት ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አለ። ሜዳ ላይ ይከፈት፤ ዳገትና ቁልቁለት ሳይጀምር ይዘጋ። የአባላት ንብረት ዕድሜ ያገኛል፣ ማዳበሪያው በዘር ወቅት ይደርሳል፣ አሽከርካሪውም ወደ ቤቱ በሰላም ይገባል።

መልካም የምሥረታ በዓል!