ቤት ከመሸጡ በፊት፤ በሰቆጣና በዋግ ኽምራ ደጋ በአነስተኛ ወጪ ስለሚደረግ ጥገና
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው ወደ ባለሙያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ገንዘቡ ካለቀና ጊዜው ካጠረ በኋላ ነው። ጥያቄውም አንድ ነው፤ «ደህና ዋጋ እንዲያወጣልኝ ምን ላድርግበት?» ይላል። መልሱ ቀላል መስሎ ቢታይም የአንድን ቤተሰብ የዕድሜ ጥሪት የሚያድን ወይም የሚያባክን ነው። ይህ ንግግር ጥያቄውን ከሰቆጣ ከተማና ከዋግ ኽምራ ደጋ ቤቶች አንጻር ይመረምራል።

አስቀድሞ የሚሸጠው ነገር ምን እንደሆነ ተለይቶ መታወቅ አለበት። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ ቦታ በግል የሚሸጥ ንብረት መሆኑ ቀርቷል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። በዚያው አንቀጽ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬት ላይ ለሚገነባው ቋሚ ንብረትና ለሚያደርገው ቋሚ መሻሻል ሙሉ መብት እንዳለው፣ ይህም መብት የመሸጥንና የማውረስን እንደሚጨምር አረጋግጧል። እርግጥ ነው፣ ቤቱ ለገበያና ለመንገድ ያለው ቅርበት በዋጋው ላይ መጫኑ አይቀርም። በሕግ ፊት ግን የሻጩ ሀብት ግድግዳው፣ ጣራውና በእነርሱ ላይ የፈሰሰው ላብ ነው። ስለሆነም የቤቱ አካል ጤና የዋጋው መሠረት ነው።

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ በድንጋይ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። በአካባቢው ድንጋይ ሞልቷል፤ ግንበኛውም ድንጋዩን በጭቃ እያጣበቀ ወፍራም ግድግዳ ያቆማል። ከእነዚህ ጎን በማገርና በጭቃ የተሠሩ ባለ ቆርቆሮ ቤቶች ይገኛሉ። የሁለቱም ዓይነት ቤቶች ዋና ጠላት ውሃ ነው። የዋግ ሰማይ ዝናብን የሚነፍግ ቢሆንም፣ የሚሰጠውን አብዛኛውን በሐምሌና በነሐሴ ሰብስቦ ያወርደዋል። መሬቱም ተዳፋት በመሆኑ ጎርፉ ሳይዘገይ ከግድግዳ ሥር ይደርሳል። ከዚህ የተነሣ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሻጭ አስቀድሞ ማውጣት የሚገባው ውሃን ከቤቱ ለማራቅ ነው።

ሥራው ከጣራ ይጀምራል። የላላውን የጣራ ምስማር ማጥበቅ፣ የዛገውን አንድ ወይም ሁለት ቆርቆሮ መለወጥ፣ አሸንዳውን መጥረግና የተበሳውን መድፈን የአንድ ሠራተኛ የጥቂት ቀናት ሥራ ነው። ይህ ሲዘገይ ውሃው ወደ ወራጁና ወደ ማገሩ ይወርዳል፤ የረጠበውንም እንጨት ምስጥ ይከተለዋል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ሥራ በግድግዳው እግር ላይ ያተኩራል። በዝናብ ጊዜ ከጣራው የሚንጠባጠበው ውሃ ጭቃ እየረጨ የግድግዳውን እግር ይቦረቡራል። በቤቱ ዙሪያ መሬቱን ወደ ውጭ እንዲያዘነብል አድርጎ መደልደል፣ ከላይ በኩል ጎርፉን የሚያስቀይስ ቦይ መቆፈርና ቦዩን በአካባቢው ድንጋይ መደርደር ከጉልበት በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በእንግሊዝ አገር በዴቮን አውራጃ ከአፈርና ከጭድ የተሠሩ ቤቶች ለመቶ ዓመታት ጸንተው የኖሩት ጣራቸውና እግራቸው ከእርጥበት በመጠበቁ ነው። የዋግም ግንበኛ ይህን ከአባቶቹ ያውቀዋል።

በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ ስሕተት ሊጠቀስ ይገባል። ሻጩ ቤቱ ዘመናዊ እንዲመስል ሲል ገንዘብ ተበድሮ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ ያስለስናል። ሲሚንቶው ከሩቅ ተጭኖ ስለሚመጣ ዋጋው ውድ ነው። ከዚህም በላይ የሲሚንቶ ልስን ከጭቃ ጋር አይዋሐድም፤ በስንጥቁ የገባውን ውሃ አፍኖ ይይዘዋል። ከአንድ ሁለት ክረምት በኋላ ልስኑ እየተነፋ ሲወድቅ የግድግዳውን ፊት ይዞ ይሄዳል። ከጭድ ጋር ተረግጦ ለጥቂት ቀናት የተብላላ ጭቃ፣ ሲደርቅም በኖራ የተቀባ ምርጊት ግን ግድግዳውን ያስተነፍሰዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም በቀላሉ ይታደሳል።

ስንጥቅ ሲያጋጥም ለመምረግ መቸኮል አይገባም። በስንጥቁ ላይ ጥቂት ጅብሰም ለጥፎ ቀኑን መጻፍ ባለሙያዎች የሚያውቁት ርካሽ ዘዴ ነው። ጅብሰሙ ክረምቱን ሳይሰነጠቅ ካለፈ ግድግዳው ረግቷል ማለት ነው፤ ከተሰነጠቀም መሠረቱ መመርመር አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ጥቃቅን ሥራዎች ናቸው፤ ያዘነበለውን በር ማቃናት፣ የጠፋውን ማጠፊያና ቁልፍ መተካት፣ በማጀቱ የጭስ መውጫ መክፈት፣ ጥላሸቱን ጠርጎ ኖራ መቀባት፣ መጸዳጃ ቤቱን በርና ክዳን እንዲኖረው ማድረግ። እነዚህ በጥቂት ብር የሚያልቁ ሲሆኑ፣ ቤቱን ሊጎበኝ የመጣ ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነካቸውና የሚያያቸው ናቸው። አዲስ ክፍል መጨመር፣ ሊሾ ወለል ማፍሰስ ወይም ኮርኒስ ማስገባት ግን ለገዢው ቢተው ይሻላል። ገዢው በራሱ ምርጫ ለሚያፈርሰው ነገር ሻጩ ዕዳ ሊገባ አይገባም።

ለሁሉም ሥራ ወቅት አለው። ጉድለቱ የሚታወቀው በክረምት ነው፤ ስለዚህ በሐምሌና በነሐሴ የሚያፈሰው ቦታ ሁሉ ምልክት ይደረግበት። ጥገናው ከመስከረም በኋላ ይጀመር፤ ምርጊቱም አውድማ ተወቅቶ ጭድ በሚገኝበት በበጋው ወራት ይፈጸም።

ከግድግዳው እኩል መጠገን ያለበት ሌላ ነገር ሰነዱ ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። የይዞታ ማስረጃው በሟች አባት ስም ያለ፣ ግብሩ ያልተከፈለ፣ ወይም ወራሾቹ ያልተስማሙበት ቤት ምንም ያህል ቢያምር ዋጋው ይወርዳል። ይህን ማስተካከል ከሲሚንቶ ይልቅ ትዕግሥትን ይጠይቃል።

በመጨረሻ አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። ዋግ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ የተጎዳ አገር ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነትም ሰቆጣና አካባቢዋ ብዙ መከራ አይተዋል። እንዲህ ባለ ዘመን ቤቱን የሚሸጥ ሰው ወዶ አይሸጥም፤ የወደቀ ዛፍም ምሳር ይበዛበታል። ገዢው ችግሩን አይቶ ዋጋውን ይሰብራል፤ ሻጩም በበኩሉ ስንጥቁን በቀለም ሸፍኖ ለማለፍ ይፈተናል። ሕጉ ሻጩ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያደርገዋል፤ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል የደበቀ ሻጭም በውል ቃል ሊያመልጥ አይችልም። ከሕጉም ባሻገር በሰቆጣ ሻጭና ገዢ በአንድ ገበያ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን፣ በአንድ ለቅሶ ይገናኛሉ።

ስለዚህ ለሻጩ የሚበጀው የጠገነውን ማሳየት፣ ያልጠገነውንም መናገር ነው። በክረምት ያላፈሰሰ ጣራ፣ የደረቀ የግድግዳ እግርና የተስተካከለ ሰነድ ያለው ባለቤት «ዝናብ ሲዘንብ መጥተህ እይ» ብሎ በድፍረት ሊናገር ይችላል። ችግረኛ ሻጭ በዋጋ ክርክር የሚቆምበት ሌላ ጠንካራ መሬት የለውም። የባለሙያው ድርሻም ሻጩ በመጨረሻው ሰዓት የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ ሲመጣ፣ አካፋውን አሲዞ ወደ ቦዩ መመለስ ነው።