ስልክ ላይ ስለሚሞላ ፎርም
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተደረገው ንግግር)



የጥበቃው መዋጮ ጉዳይ በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል። ዛሬ ልናሳስብ የምንወደው ሌላ ነው።

በቅርቡ ከመካከላችን አንዲት እናት በቴሌግራም ሊንክ ደረሳቸው። «ባንኩ ለደንበኞቹ የበዓል ስጦታ አዘጋጅቷልና ይመዝገቡ» ይላል። ዓርማው የባንኩ፣ ቀለሙም ያው። ስማቸውን፣ ስልካቸውን፣ የሂሳብ ቁጥራቸውን ሞሉ። ቀጥሎ ፎርሙ በአጭር መልእክት የገባላቸውን ቁጥር ጠየቀ፤ እሱንም ሰጡ። ለልጅ ልጃቸው ትምህርት ቤት ያስቀመጡት ብር በዚያው ምሽት ወጣ። አፍረው ሦስት ቀን ለማንም አልተናገሩም። እኛን ከብሩ ይልቅ የቆጨን ይኸው ሦስት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ወዲያው ባንክ ደውሎ ማሳገድ፣ የምሥጢር ቁጥርንም መቀየር ይገባል። ምን ያሳፍራል? የተማረውም እኮ ተታሏል።

«የቁልፍ ምልክት ነበረው እኮ!» ብለውናል። እውነት ነው። ቁልፉ ግን የጻፍነውን ሌላ ሰው መንገድ ላይ እንዳያነበው ይጠብቃል እንጂ ተቀባዩ ማን እንደሆነ አይነግረንም። ሌባም በሩን ቁልፍ ያበጅለታል።

ታዲያ በምን ይለያል? ከላይ ያለውን አድራሻ እስከ መጀመሪያዋ ያዘመመች መስመር ድረስ አንብቡ። ባለቤቱ የሚታወቀው ከፊት ባለው ስም ሳይሆን መጨረሻው ላይ ባለው ነው። ልክ እንደ ሰው ስም፤ ሠፈራችን ውስጥ ስንት አበበ አለ፣ የሚለየው በአባቱ ነው። የባንኩ ስም ፊት ላይ ተጽፎ መጨረሻው የማይታወቅ ከሆነ ቤቱ የሌላ ሰው ነው። ከሁሉ የሚሻለው በተላከ ሊንክ አለመግባት፣ የባንኩን መተግበሪያ ራስ ከፍቶ ማየት ነው።

በአጭር መልእክት የሚመጣው ቁጥር የሂሳባችሁ ቁልፍ ነው። ገንዘብ ለመቀበል አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ለማውጣት ነው።

ሥራ ፈላጊ ወጣቶችም የፋይዳ ቁጥርና የመታወቂያ ፎቶ በየፎርሙ ትሞላላችሁ። ቀጣሪው ቢሮ የት ነው? ገና ሳይቀጥር ይህን ሁሉ ለምን ፈለገው? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል፤ ነገር ግን ባለቤቱ የማይታወቅ ፎርም ሞልተን ማንን እንከሳለን?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ወጣቶቻችን በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጣሉ። የተጠራጠራችሁትን መልእክት ሳትነኩ ይዛችሁ ኑ። የምሥጢር ቁጥራችሁን ግን ለነሱም አትንገሩ።

የማኅበሩ ኮሚቴ