መቀስና የልብስ ሰፊው አደራ



በልብስ ሰፊ ቤት የስፌት መኪና በድምፁ ይታወቃል፤ መቀስ ግን ሥራውን የሚፈጽመው በዝምታ ነው። ይሁን እንጂ የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል፤ የተሳሳተ ቅድ አይመለስም። ስለዚህ የሙያው ኃላፊነት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያርፈው በመቀስ ላይ ነው።

የመቀስ አሠራር ቀላል ይመስላል። ሁለት ስለቶች በአንድ ብሎን ተያይዘዋል፤ ለብሎኑ የቀረበው ጨርቅ በበለጠ ኃይል ይቆረጣል። ስለቶቹ በጥቂቱ ጎበጥ ተደርገው ስለሚሠሩ ሲዘጉ የሚነካኩት በአንድ ነጥብ ላይ ነው፤ ነጥቡም ከብሎኑ ወደ ጫፍ ይጓዛል። ብሎኑ ከላላ ጨርቁ በመካከላቸው ይታጠፋል እንጂ አይቆረጥም። የልብስ ሰፊ መቀስ እጀታው ወደ ላይ የታጠፈው የታችኛው ስለት በጠረጴዛው ላይ ተኝቶ እንዲሄድና ጨርቁ እንዳይነሣ ነው። ወረቀት ስለትን ስለሚያደነዝዝ ጠንቃቃ ባለሙያ የጨርቁን መቀስ ለወረቀት አያውስም። ለቀኝ እጅ የተሠራ መቀስ በግራ እጅ ሲጨበጥ ስለቶቹ ይራራቃሉ፤ እንግዲህ ግራኙን ለማጅ ከመገሠጽ በፊት መሣሪያውን መመርመር ይገባል።

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው ድርጅት ነው። በ1950 ዓ.ም. የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ። ሰፈሩም የጽሕፈት ቤቶችና የሆቴሎች ጎረቤት ሆነ። ሙሉ ልብስ የሚለብስ ሠራተኛ በበዛበት ስፍራ ደግሞ ልብስ ሰፊ ይፈለጋል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ከነዋሪዎቹ ብዙዎች ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ።

የባለሙያው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። መቀስ በቦርሳ ይያዛል፤ መኪናም በመኪና ይጫናል፤ ደንበኛ ግን አይጫንም። የአንዱ ደንበኛ ቀኝ ትከሻ ዝቅ ማለቱን፣ የሌላው ወገብ በየዓመቱ መስፋቱን የሚያውቅ እጅ፣ ሰዎቹ ሲበተኑ ያካበተው ዕውቀት ሥራ ፈት ይሆንበታል። ከተማ ሲታደስ ቤት በካሬ ሜትር ይለካል፤ ይህ ዓይነቱ ሀብት ግን በየትኛውም ሜትር አይለካም።

ስለዚህ ከማኅበር የሚጠበቀው ሐዘንን ማሰማት ብቻ አይደለም። አባላት የደንበኞቻቸውን ልክ ከነስልክ ቁጥራቸው በደብተር ይያዙ። መሥሪያ ቦታ ያለው፣ ቦታ ላጣው ባልደረባ የመቁረጫ ጠረጴዛውን ያጋራ። አዲስ መንደር ሲታቀድም የመሥሪያ ቦታ ከመኖሪያው አጠገብ እንዲሰጥ ማኅበሩ በጊዜ ይጠይቅ። ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት እንደሚለካ ሁሉ፣ የባለሙያም ኑሮ ከመነካቱ በፊት ሊለካ ይገባዋል።