«ዘ ክሮኒክ»፦ የድምፁ ጥራትና የቃሉ ዕዳ



የራፕ ሙዚቃ በመሐንዲሶች ስብሰባ ላይ የንግግር ርእስ መሆኑ ለብዙ አድማጭ እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ይሁንና ስለ ድምፅ ቀረጻ ሙያ የሚያስብ ሰው፣ ዶክተር ድሬ በሚል የመድረክ ስም የታወቀው አንድሬ ያንግ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1992 ያወጣውን «ዘ ክሮኒክ» የተሰኘ የመጀመሪያ የግል አልበሙን ችላ ብሎ ለማለፍ አይቻለውም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) አልበሙ የጋንግስታ ራፕ ሥራ ነው፤ ይኸውም የወሮበላ ቡድኖችን ሕይወት በወሮበላው በራሱ አንደበት የሚተርክ የራፕ ዓይነት ነው። ስሙም ለኃይለኛ ካናቢስ የተሰጠ የአራዶች ቃል ነው። አሠራሩ ያስደንቃል፤ ከያዘው ቃል አብዛኛው ግን ያሳፍራል። ሁለቱን ነጥሎ ማየት ይቻላል ወይ? የዚህ ንግግር ጥያቄ እንግዲህ ይኸው ነው።

ያንግ በ1965 ከሎስ አንጀለስ በስተደቡብ በምትገኘው በኮምፕተን ተወለደ። በጭፈራ ቤት ሸክላ በማጫወት ሥራውን ጀምሮ፣ ኋላ ኤን ደብልዩ ኤ ከተባለው ቡድን አባላት አንዱ ሆነ። ቡድኑ በ1988 ባወጣው አልበም ውስጥ ፖሊስን በሚያወግዝ ዘፈኑ ምክንያት ከፌዴራል የምርመራ ቢሮ የተቃውሞ ደብዳቤ እስከ መጻፍ ተደረሰ። በውልና በክፍያ ጉዳይ ከቡድኑ የተለየው ያንግ ከሹግ ናይት ጋር ሆኖ ዴዝ ሮው የተባለውን ኩባንያ በ1991 አቋቋመ። ለአዲሱ አልበም አከፋፋይ ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። በመጨረሻ የተቀበለው ኢንተርስኮፕ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ጂሚ አዮቪን ቀድሞ የድምፅ ቀረጻ መሐንዲስ የነበረ፣ በ1975 በወጣው በብሩስ ስፕሪንግስቲን «ቦርን ቱ ረን» ላይም የሠራ ሰው ነበር። የራፕ ዓለም እንግዳው ቢሆንም ጆሮውን የያዘው የድምፁ ጥራት እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል።

ጥራቱ ከየት መጣ? እስከዚያ ዘመን ድረስ የራፕ ሙዚቃ ይቀመር የነበረው በአብዛኛው ከአሮጌ ሸክላ ላይ ጥቂት ሰከንድ ቆርጦ በመውሰድና ያንኑ ደጋግሞ በማዞር ነበር። ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ሳምፕለር ይባላል። በ1987 የወጣውና በሙያው ሰዎች እጅግ የተወደደው ኤስ ፒ 1200 ድምፁን በሰከንድ 26,000 ጊዜ ያህል እየለካ እያንዳንዱን ልክ በ12 ቢት ይመዘግባል፤ ጠቅላላ የመያዝ አቅሙ 10 ሰከንድ ብቻ ነው። በዚህ ልክ ከ13,000 ሄርትዝ በላይ ያለውን ድምፅ በትክክል መመዝገብ እንደማይቻል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም። በዚህ ላይ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል በደቂቃ 33 ዙር የሚጫወተውን ሸክላ በ45 ዙር አፍጥኖ መቅዳትና ኋላ በመሣሪያው ውስጥ ማዝገም የተለመደ ብልሃት ነበር፤ ጥራቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። ሻካራው ድምፅ የራሱ ለዛ ስለ ነበረው እስከ ዛሬ የሚናፍቁት አሉ። ዋናው ችግር ሌላ ነው። ከሸክላ የተቆረጠ ድምፅ ከበሮው፣ ቤዙና ዘፋኙ አንድ ላይ የተቦኩበት ሊጥ ነውና፣ ከበሮውን ብቻ ከፍ ላድርግ ያለ ሰው ሌላውንም አብሮ ያነሣዋል።

ያንግ ሳምፕልን ጨርሶ ባይተውም፣ የብዙዎቹን ዘፈኖች መሠረት በሙዚቀኞች እጅ እንደ ገና አስጫወተው። ቤዝ ጊታሩን የመታው ኮሊን ዉልፍ ነበር። ከአልበሙ እጅግ የታወቀው «ነቲን በት ኤ ጂ ታንግ» የቆመው ሊየን ሄይዉድ በ1975 ባወጣው የሶል ዘፈን ላይ ነው። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱን መስመር ይዞ ይቀረጻል፤ ከበሮው ከቤዙ ሳይጋፋ፣ ቤዙም ቃሉን ሳይሸፍን ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። በላይኛው እርከን ሚኒሙግ የተባለው ሲንተሳይዘር ከኖታ ወደ ኖታ እየተንሸራተተ ቀጭን ዜማውን ያፏጫል፤ መካከሉ ለሰው ድምፅ ክፍት ነው።

የሕግም ነገር አለበት። በዲሴምበር 1991 በኒው ዮርክ የተቀመጠ የፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ ፈቃድ ሳምፕል መውሰድ የቅጂ መብት መጣስ ነው ሲል ፈረደ። ዜማውን እንደ ገና ያስጫወተ ሰው የደራሲውን ፈቃድ ማግኘት ቢኖርበትም ከሸክላው ባለቤት ፈቃድ ነጻ ይሆናል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ለማለት ግን አያስደፍርም፤ ሥራውን የሰማ ሁሉ የያንግን የጥራት ጥማት ይረዳልና።

ደግሞም ሎስ አንጀለስ የመኪና ከተማ ናት። የ50 ሄርትዝ ድምፅ በአየር ላይ ያለው የሞገድ ርዝመት ወደ 7 ሜትር ይጠጋል፤ የሰው ጆሮም ለዝቅተኛ ድምፅ ደካማ በመሆኑ ቤዙ እንዲሰማ ብዙ ኃይል ይጠይቃል። የአካባቢው ወጣቶች በመኪናቸው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያስገጥሙ ነበር። በተዝረከረከ ቅጂ ላይ ይህን ያህል ኃይል ቢለቀቅ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። «ዘ ክሮኒክ» ግን ለዚህ የተዘጋጀ ይመስል መስታወት ሲያንቀጠቅጥ እንኳ ቃሉ ጥርት ብሎ ይደመጣል።

ይህ ጥርት ብሎ የሚደመጠው ቃል ታዲያ ምን ይላል? በኤፕሪል 29 ቀን 1992 ሮድኒ ኪንግ የተባለውን ጥቁር አሜሪካዊ ሲደበድቡ በቪዲዮ የታዩት አራት ፖሊሶች ጥፋተኛ ባለመባላቸው ከተማይቱ ነደደች፤ ከ60 የማያንሱ ሰዎች ሞቱ። በአልበሙ ውስጥ ስለዚሁ ሁከት የተዘፈነ ዘፈን አለ፤ በዚያን ጊዜ የተቀዱ የሰዎች ድምፆችም ገብተውበታል። እዚህ ላይ «ያየነውን ነው የምንናገረው» የሚለው የራፕ አቀንቃኞች መከላከያ ሚዛን ይደፋል። ቁጣው ምክንያት አለው፤ ምስክርነቱም ዋጋ አለው።

ሴቶች በስድብ ስም ብቻ ወደሚጠሩባቸው ዘፈኖች ሲደረስ ግን ይኸው መከላከያ አይቆምም። ያንግ በጃንዋሪ 1991 አንዲት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛን በሕዝብ ፊት ደብድቦ፣ በፍርድ ቤትም ክሱን ሳይከራከር ተቀብሎ ነበር። ስለዚህ ዘፈኖቹን ከሩቅ የታየ ነገር ትረካ ናቸው ለማለት ያስቸግራል። በ1994 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ንኡስ ኮሚቴ ስለ እንዲህ ያሉ ዘፈኖች ምስክር ሲሰማ፣ አጥብቀው ከተቃወሙት መካከል ለጥቁሮች የዜግነት መብት ሲታገሉ የኖሩት ዴሎረስ ተከር ይገኙበታል። እርሳቸውን «ሙዚቃ የማይገባቸው አሮጊት» ብሎ ማለፍ ለብዙዎች ቀሎ ነበር፤ የተናገሩት ግን የራሳቸውን ሕዝብ ሴቶች ክብር በሚመለከት ነው።

የኤን ደብልዩ ኤ ጩኸት ቢያንስ አድማጩን ያስጠነቅቅ ነበር። «ዘ ክሮኒክ» ግን በዝግታ፣ በለስላሳ ዜማና በስኑፕ ዶግ የተረጋጋ አንደበት እየጋበዘ ያስገባል። «ነቲን በት ኤ ጂ ታንግ» በአሜሪካ የነጠላ ዘፈኖች ሰንጠረዥ ሁለተኛ እስከ መሆን የደረሰው፣ አልበሙም ከ3 ሚሊዮን ቅጂ በላይ የተሸጠው በዚህ የተነሣ ነው። እንግዲህ ጥራቱ ቃሉን አላነጻውም፤ ይልቁንም ሩቅ አደረሰው እንጂ። የድምፅ መሐንዲሱ ሥራ ከዘፋኙ ሥራ የተለየ ነው ብሎ ለማምለጥም አይመችም፤ እዚህ ላይ ሁለቱ አንድ ሰው ነበሩና።

ያንግና አዮቪን አብረው ያቋቋሙትን የማዳመጫ ኩባንያ በ2014 አፕል በ3 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። በ2015 የኤን ደብልዩ ኤ ታሪክ በፊልም ሲወጣ የጋዜጠኛይቱ መደብደብ አልተካተተም፤ እርሷም ይህንኑ ጽፋ አወጣች። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያንግ የጎዳቸውን ሴቶች በጋዜጣ ይቅርታ ጠየቀ። በ2020 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ዘ ክሮኒክን» ሊጠበቁ ከሚገባቸው የድምፅ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ አስገባው። በ2023 አልበሙ 30ኛ ዓመቱን ምክንያት በማድረግ ወደ ኢንተርኔት የሙዚቃ ማሰራጫዎች ተመለሰ፤ ቤዙም፣ ስድቡም እንደ ነበሩ ናቸው።