ስለ ገጣባው አህያ



ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የአፋር አሞሌ ጨው ገበያ እንደ ነበረች ሰምተናል። ጨዉን ወደ ዝቋላ ስላደረሰው ጀርባ ግን የሚናገር የለም። አህያ የሚገጠበው ጭነቱ ያለ ደላድል አጥንቱን ሲፍቀው ነው፤ ቁስሉ የባሰበትም ለጅብ ይተዋል። በባለቤቱ አንፈርድም፤ አንድ ሳምንት ቢያሳርፈው ልጆቹ ምን ይበላሉ?

ዶንኪ ሳንክችዋሪ የተባለው የእንግሊዝ የአህዮች ረድኤት ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1986 በአገራችን ሥራ ጀመረ። የእንስሳት ሐኪሞች የሚማሩበት ቢሾፍቱ ግን ከእኛ እጅግ ሩቅ ነው። ስለዚህ በእጃችን ባለው እንጀምር፤ ቁስሉን ፈልቶ በበረደ የጨው ውሃ እንጠብ (ያው የተሸከመው ጨው ነው!)፤ ደላድሉም አከርካሪውን እንዳይነካ ግራና ቀኝ ተለይቶ ይሰፋ። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች በገበያ ቀን ውሃ አፍልተን እንጠብቃለን፤ አሮጌ ጆንያና ጭድ ያላችሁ አምጡልን።