ልጆቻችንን እኛው ፎቶ እናንሳቸው

በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ፣ ዋጃ፣ በአልበም ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር



በዚህ ጉባኤ ዘወትር የምንነጋገረው ስለ ቁጠባና ብድር፣ ስለ ሽንኩርትና ጤፍ ዋጋ ነው። የዓመቱን ሒሳብ ገንዘብ ያዣችን ከእኛ ቀጥላ ታቀርብላችኋለች። ለእኛ የተሰጠን ሰዓት ስለ ልጆቻችን ፎቶና ስለ ቤተሰብ አልበም እንድንናገር ነው። «ኑሮው እንዲህ በከበደበት ጊዜ ፎቶ ምን ያደርጋል?» የምትል እህት እንደምትኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሰምታችሁን ስታበቁ ፍረዱን።

ስማቸው ያልተጻፈ ልጆች

የአካባቢያችን ልጆች ፎቶ በዓለም ላይ ብዙ ታይቷል። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ፣ ከአላማጣ ተነስቶ ግራካሕሱን ወጥቶ በሚገኘው ኮረም፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ወገን ተሰብስቦ እህል ይጠብቅ ነበር። ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ብዩርክ በዚያ የሠሩት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ፤ ከዚያም በብዙ አገሮች ተሰራጨ። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ የተካሄደው ላይቭ ኤይድ የተባለው የሙዚቃ ዝግጅት የመጣው ያ ዘገባ ካስነሳው ድንጋጤ ነው።

ያ ፊልም እርዳታ አምጥቷል፤ ሕይወትም አትርፏል። ይህን አንክድም። ሆኖም በዚያ ዘመን ፎቶ ከተነሱት ልጆች የአብዛኞቹ ስም አልተጻፈም። ልጅቷ የማን ልጅ እንደሆነች፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣች፣ ከረሃቡ በፊት ምን ትጫወት እንደነበር ከፎቶው ላይ አይነበብም። የሰው ሕይወት ብዙ ቀን አለው፤ ዓለም የያዘላቸው ግን ያንን አንድ ክፉ ቀን ነው። የትኛው ቀን ለትውልድ እንዲቀር የሚወስነው ካሜራውን የያዘው ሰው ነው። ያኔ ካሜራው በእንግዳ እጅ ነበር። ዛሬ በየቤታችን ቢያንስ አንድ ካሜራ ያለው ስልክ አይጠፋም። ስለዚህ ውሳኔው ወደ እኛ መጥቷል ማለት ነው።

በየሣጥናችን ያለው

እስቲ ሣጥናችንን እንክፈት። ብዙዎቻችን ዘንድ የወላጆቻችን መልክ የሚገኘው ለመታወቂያ በተነሳ አንድ ጉርድ ፎቶ ላይ ነው። ለቅሶ ሲመጣ ያንን ጉርድ ይዘን ፎቶ ቤት እንሮጣለን። ትንሹ ፎቶ ሲያድግ ፊቱ ይደበዝዛል፤ ዘመድም ያንን እያየ ያለቅሳል። ሰማንያ ዓመት የኖረች፣ ልጅ ወልዳ የዳረች፣ ስንት ድግስ የደገሰች እናት የቀረላት የቀበሌ ማኅተም ያረፈበት ፊት ብቻ ይሆናል።

የሞተ ሕፃንማ ጉርድም የለው፤ መታወቂያ ለሕፃን አይወጣም። ከመካከላችን ልጅ ቀብረን ፊቱን በሐሳብ ብቻ የያዝን አለን። ዓመት በጨመረ ቁጥር ያ ፊት እየራቀ ይሄዳል። ይህን ከዚህ በላይ አንናገረውም፤ የምታውቅ ታውቀዋለች።

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ከቤቱ የሸሸ ሰው ልጁን አዝሎ፣ የቻለውን ስንቅ ጨብጦ ነው የወጣው። አልበም ልያዝ ያለ ማን አለ? ሲመለሱ ቤታቸውን ተዘርፎ ያገኙ እናቶች የሠርግ፣ የክርስትና፣ የዒድ፣ የትምህርት ቤት ፎቶዎቻቸውን ዳግመኛ አላገኟቸውም። ድስት ቀስ እያለ ይተካል፤ የጠፋ ፎቶ ግን ማክሰኞ ገበያም ቅዳሜ ገበያም የለም። ቤተሰብ ሲበታተን ደግሞ ፎቶ ሌላ ሥራ አለው። በሩዋንዳ፣ በአውሮፓውያን 1994 ከደረሰው እልቂት በኋላ፣ ከወላጆቻቸው የተለዩ ሕፃናት ፎቶ ለሕዝብ እየታየ ዘመድ ይፈለግላቸው ነበር።

ሌላው የአገራችን ጉዳይ ስደት ነው። ስንቷ እህታችን ልጇን ለእናቷ ትታ ሳውዲ ዓረቢያ ገብታለች። ልጁ እናቱን የሚያውቃት በስልክ ውስጥ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ እናትም አብራ ትጠፋለች። እሷም በበኩሏ ልጁ ጥርሱን ሲነቅል፣ ፊደል ሲቆጥር፣ ቁመቱ ከበሩ እጀታ ሲያልፍ አላየችም። አንድ ትንሽ አልበም ለአያትና ለልጁ፣ አንድ ሌላ ቅጂ ለእናቲቱ ቢኖር ሁለቱም ወገን የሚገልጡት ነገር ይኖራቸዋል።

ልጅ ሳይጨነቅ እንዴት ይነሳል?

በድሮ አልበም ውስጥ ያሉ ልጆች ለምን እንደ ወታደር ቀጥ ብለው እንደቆሙ ታውቃላችሁ? ፎቶ ብርቅ ስለነበር ነው። የዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ከነበረው ከአርመናዊው በድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜው ፎቶ ቤት ድረስ ፎቶ መነሳት ወጪና ወግ ነበረው። ፊልሙ 36 ፎቶ ካነሳ አለቀ፤ አንድም እንዳይባክን ሰው ታጥቦ፣ ለብሶ፣ ትንፋሹን ውጦ ይቆማል። ስልክ ግን ፊልም አይቆጥርም። ልጁን ማስጨነቅ አያስፈልግም።

ኮሚቴያችን ከሞከረው ውስጥ የጠቀመንን እንንገራችሁ። በመጀመሪያ «ቀጥ በል፣ ሳቅ» ማለት ይቅር። ልጅ ተብሎ ሲስቅ ጥርሱን ያሳያል እንጂ አይስቅም። ሥራው ላይ ወይም ጨዋታው ላይ እያለ እናንሳው፤ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፉን ይዞ ከማሽላው ወፍ ሲጠብቅ፣ እሸት ሲበላ፣ ግልገል አቅፎ ሲሮጥ፣ ከአያቱ ጎን ቡና ሲወቀጥ እያየ። ነሐሴ 16 ሶለል ሲደርስ ልጃገረዶቹ አጊጠው ከወጡ በኋላ ሁሉም ሰው ያነሳቸዋል። ከዚያ በፊት ያለውን፣ አክስት ጉልበት ሥር ተቀምጠው ሹሩባ ሲሠሩ ያለውን ግን ማንም አያነሳውም። ያ ነው የእኛ ድርሻ።

ሁለተኛ፣ ቁጭ ወይም በርከክ ብለን ከልጁ ዓይን ጋር እንተካከል። ከላይ ሆነን ስናነሳው አናቱ ይገዝፋል፣ እሱም ያነሰ ይመስላል። ሦስተኛ፣ የቆላ ፀሐይ ክፉ ነው። እኩለ ቀን ላይ የዓይን ጉድጓድ ይጠቁራል፣ ልጁም ይጨማደዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። በቀትር ከሆነ ልጁን ከበሩ ደፍ ትንሽ ገባ ብሎ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ማስቀመጥ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። አራተኛ፣ የስልኩን ካሜራ በንጹሕ ጨርቅ እንጥረገው፤ ብዙ ፎቶ የሚበላሸው በአቧራና በቅቤ እጅ ነው። ከሩቅ ሆኖ በጣት ከማቅረብ በእግር መቅረብ ይሻላል። ደጋግመን አንስተን አንዱን እንምረጥ።

ልጁ አልፈልግም ካለ ይተው። ዓይን እንዳይበላው የምትሰጋ እናት ካለች፣ ወይም ፎቶ ግድግዳ ላይ መስቀል በእምነቷ የማይወደድ ከሆነ፣ አናስገድድም። አልበም የሚዘጋ መጽሐፍ ነው፤ ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ለወደዱት ብቻ ይከፈታል።

ከስልክ ወደ መጽሐፍ

«ስልኬ ውስጥ አለ» ማለት አለ ማለት አይደለም። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፣ ሲሞላ ይደመሰሳል። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ደግሞ ጥራቱ ይቀንሳል፤ ለማሳተም ከሆነ እንደ ፋይል መላክ ይገባል። ስለዚህ በወር ሁለት ፎቶ እንምረጥ። በዓመት 24 ይሆናል። ያንን ፎቶ ቤት አሳትሞ ማያያዝ የአንድን ልጅ ዓመት መያዝ ነው። ፎቶ ቡክ የሚባለው በሠርግ የምናየው ውድ መጽሐፍ መሆን የለበትም፤ በወፍራም ወረቀት የተጠረዘ ተራ አልበም ይበቃል። ማጣበቂያ ያለው ባለ ፕላስቲክ አልበም ግን ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ነክሶ ይይዛልና፣ የሚሰኩበት ኪስ ያለው ይሻላል። ከጭስ፣ ከምስጥና ከአይጥ ርቆ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጥ። አንድ ቅጂ በሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይኑር። አንዱ ቤት ቢጠፋ ሌላው ያቆየዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ጽሑፉ ነው። በፎቶው ጀርባ በእርሳስ፣ ሳንጫን፣ የልጁን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ምን እያደረገ እንደነበር እንጻፍ። በአገራችን ልጅ የሚጠራው በአባቱና በአያቱ ስም ነው፤ የእናት ስም በመጠሪያው ውስጥ አይገባም። በአልበማችን ግን የእናቱም፣ የእናት እናትም ስም ይጻፍ። ያሳደገችው አክስት ከሆነች እሷም ትጻፍ። ሴቶች የሠሩት መጽሐፍ ሴቶችን መዘንጋት የለበትም።

የተራ ቤተሰብ ፎቶ ዋጋው ለቤተሰቡ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በአዲስ አበባ ወንጌል አበበ፣ ናፍቆት ገበየሁና ፊሊፕ ሹትዝ ከከተማው ነዋሪዎች የድሮ ፎቶ እየሰበሰቡ፣ በአውሮፓውያን 2018 «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለ መጽሐፍ አሳትመዋል። ውስጡ የታወቀ ሰው ሳይሆን የሰፈር ሰው ነው፤ ዛሬ የከተማዋ ታሪክ ሆኗል። የዋጃና የቆቦ ቆላም እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይገባዋል። መጀመሪያ ግን ፎቶው ከየቤቱ መኖር አለበት።

የምንጠይቃችሁ

ለአባላት የምናቀርበው ሐሳብ የፎቶ ዕቁብ ነው። ከመደበኛው ቁጠባ ሳይነካ፣ ፈቃደኞች አሥር አሥር ሆነው በየወሩ ትንሽ ያዋጣሉ፤ ዕጣ የወጣላት አልበሟን ታሳትማለች። ስልክ የሌላትን፣ ስልክ ያላት ጎረቤቷ ታነሳላታለች። ጽሕፈት የማትችለውን ተማሪ ልጆቻችን ይጽፉላታል። ቅድሚያ ግን አንድም ፎቶ ለሌላቸው አረጋውያን እናቶቻችን እንዲሆን እንጠይቃለን፤ እነሱ ጊዜ የላቸውም።

ለጋሾቻችን፣ እናንተንም በአክብሮት አንድ ነገር እንለምናለን። ሪፖርት ፎቶ እንደሚፈልግ እናውቃለን፤ እንልክላችኋለን። ከአሁን በኋላ ግን ፎቶው እናት አይታ የፈቀደችው ይሁን። ችግራችንን አንደብቅም፤ ሒሳባችን ይናገረዋል። ልጆቻችን ግን ያለቀሱበትን ቀን ብቻ ይዘው እንዲቀርቡ አንፈልግም። በቤታችን አልበም ሙሉ ስማቸው ይጻፋል፤ ወደ ውጭ በሚወጣው ላይ ግን ለደኅንነታቸው ሙሉ ስምና መኖሪያ አይጻፍም። እናንተ ሊጎበኙን ስትመጡ ያነሳችኋቸውንም ፎቶዎች አንድ ቅጂ ለልጁ ቤት ላኩልን። የተነሳው ልጅ ፎቶውን ሳያየው እንዳይቀር።

መጀመሪያ ላይ ፎቶ ምን ያደርጋል ላለችው እህታችን መልሳችን ይህ ነው። እህል የዛሬን ቀን ያሻግራል፤ ለእሱ ሌት ተቀን እንሠራለን። ፎቶና ስም ደግሞ ልጆቻችን ነገ «ማን ነበርን?» ሲሉ የሚመለከቱት ነው። ያንን ሌላ ሰው እንዲመልስላቸው አንተው።

መዝገቡ በበሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። የመጀመሪያው የዕቁብ ቡድን ዛሬ ስሙን ቢያስመዘግብ ደስ ይለናል። ልጆቻችሁን ያሳድግላችሁ።