የዓይን ሞራ ከተገፈፈ በኋላ በቤት የሚደረግ ጥንቃቄ



አያት ዓይናቸው በሞራ ሲጋረድ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባላቸዋል። ተሐዋስያን ብዙ ጊዜ የሚገቡት ከራሳቸው ከሕመምተኛው ሽፋሽፍት ስለሆነ ሐኪሙ አስቀድሞ በአዮዲን ያጥባል። ቤት ከገቡ በኋላ ግን ጥበቃው የእናንተ ነው።

ቡና የለቀመ እጅ በሳሙና ሳይታጠብ ጠብታ አይጨምር። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይኑን አይንካ። የቅጠል ጭማቂ፣ ቅቤ፣ የጡት ወተትም ዓይን ውስጥ አታድርጉ ብለን አጥብቀን እንመክራችኋለን።

ዓይኑ ሕመሙ ቢበረታ፣ ቢቀላ፣ ቢያብጥ ወይም ማየት የጀመረው ተመልሶ ቢደበዝዝ፣ «የቁስል ነው፣ ይሻላቸዋል» ብላችሁ የገበያ ቀን አትጠብቁ። ተሐዋስያን ሌንሱ ላይ ተጣብቀው ይራባሉ። በዚያው ዕለት ከደረሱ ሐኪሙ መድኃኒቱን በመርፌ ዓይኑ ውስጥ ይሰጣል፤ ከዘገዩ ግን ዓይኑ ሊጠፋ ይችላል።